የማድ ቤቱ ቋሚ ጠረጴዛ ሆነ

እማዬ ግቢ ውስጥ ያለው አሮጌ ማድ ቤት ካቻምና ሐምሌ ላይ አንድ ጎኑ ተደረመሰ። ሌሊት ነው፣ ሰው አልነበረበትም፣ ተመስገን። ጠዋት ስንነሳ ምርጊቱ ወርዶ፣ ጭቃው ከነጭዱ ተዘርግፎ፣ ቋሚዎቹ ብቻቸውን ተገትረው ቀርተዋል። ቤተሰቡ ተመካከረና በብሎኬት ይሠራ ተባለ። ለማፍረስ ሁለት ልጆች መጡ። እንጨቱ ምን ይሁን ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ «ለማገዶ» አለ። እኔም ብሆን ያን ሰዓት ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሽታው ነው። ከልጆቹ አንዱ ለመሸከም እንዲመቸው ብሎ አንዱን ቋሚ ለማሳጠር መጋዝ አስገባበት። ከላይ ሲያዩት ግራጫ ነው፣ የስንት ዓመት ጭስ የጠጣ፣ ጥላሸቱ እጅ ላይ የሚቀር፣ ማንም ቢሆን ከማገዶ ሌላ ነገር የማይጠብቅበት እንጨት። ሲቆረጥ ግን ውስጡ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሮዝ የተቀላቀለበት ቀይ። ሽታው ደግሞ አሁን በመቅረጫ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ። ሮጬ ሄጄ «ቆይ፣ ተወው፣ አትቁረጠው» አልኩት። ጥድ ነው። የሀበሻ ጥድ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የምናየው፣ ውጭ አገር እርሳስ ይሠራበት የነበረው ራሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። የፈረሰ ቤት እንጨት አታንድዱ። መጀመሪያ ቁረጡና ውስጡን እዩ።

አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የጭቃ ቤት ይፈርሳል። እንጨቱ ወይ ለማገዶ ይሸጣል ወይ ከአፈሩ ጋር አብሮ በገልባጭ መኪና ይጫናል። ከዚያ እኛው ሰዎች ተመልሰን ሄደን ከችፑድ የተሠራ ጠረጴዛ እንገዛለን፣ ውሃ የፈሰሰበት ቀን ጠርዙ የሚያብጠውን። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ዛሬ እንደዚያ ያለ ጥድ እገዛለሁ ብትሉ በቀላሉ አታገኙም፣ ማግኘትም የለባችሁም። ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተከለከሉ ዛፎች ናቸው። ደግ አደረጉ። ግን ድሮ የተቆረጠው፣ አሁን በየግድግዳችን ውስጥ ቆሞ ያለው፣ እሱ እኮ የሞተ ዛፍ ነው፤ ቢያንስ ክብሩን ጠብቀን እንጠቀምበት።

የድሮ ሰው ቋሚ ሲመርጥ ጥድን የሚመርጠው በምክንያት ነው። የጥድ ልብ፣ ያ ቀዩ ውስጡ፣ ምስጥ አይደፍረውም። መሬት ውስጥ ተቀብሮም ዘመን ይቆያል። የእንጦጦ ዙሪያ የጥድ አገር ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ሰው ሲበዛባት ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ ተቆርጦ አለቀ፣ የእንጨት እጥረቱ ከመባሱ የተነሳ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያቆያት ከባሕር ማዶ የመጣው ባህር ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የጥድ ቋሚ ካገኛችሁ ያ ከተማዋ የበላችው ደን ትራፊ ነው ማለት ነው። የእኛን ማድ ቤት ያሠሩት አያቴ ናቸው። እማዬ ጭቃው ሲቦካ ሕፃን ሆና ገብታበት እንደተገረፈች ታስታውሳለች። ስልሳ ዓመት አልፎታል።

ባህር ዛፍን ከነካሁ አይቀር፣ ከማድ ቤቱ ቋሚዎች ልሠራው ያሰብኩት ጠረጴዛ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሞክሬ ነበር። የባህር ዛፍ ጣውላ ገዛሁ፣ የሸጠልኝ ሰው «ደርቋል» አለኝ፣ አመንኩት። በጥሩ ሁኔታ ሠራሁት፣ ኮላውም ሚስማሩም አልጎደለውም። ሁለት ወር አልሞላውም፣ ጣውላዎቹ ጠርዝ ጠርዛቸው ወደ ላይ ተነስቶ መሀላቸው ጎደጎደ፣ አንዱ ከጫፍ ጀምሮ ክንድ ሙሉ ተሰነጠቀ። ሌሊት ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰምቻለሁ። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ያኔ ያልገባኝ ነገር እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል፣ የሚጠበው በወርዱ ነው። በሚስማር ጠርቃችሁ ከያዛችሁት ደግሞ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ባህር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ ብዙ ይጠባል፣ ይጣመማልም።

እንጨት መድረቁን ለማወቅ የሰው ቃል አያስፈልግም። ቁራጭ ወስዳችሁ በኩሽና ሚዛን መዝኑት፣ ቁጥሩን እላዩ ላይ በእርሳስ ጻፉት፣ ቤት ውስጥ አስቀምጡት፣ በሳምንቱ እንደገና መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። በቃ። እርጥብ ጣውላ ገዝታችሁ ራሳችሁ የምታደርቁ ከሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው አንድ ዓመት ያህል አስቡ፣ ጥላ ውስጥ፣ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት እየገባበት ተደርድሮ።

የፈረሰ ቤት እንጨት ትልቁ ጸጋ እዚህ ላይ ነው። ስልሳ ዓመት ምድጃ አጠገብ ቆሟል። የሚጣመመውን ተጣሟል፣ የሚሰነጠቀውን ተሰንጥቋል። ከዚህ በኋላ የሚያመጣብኝ ነገር ትንሽ ነው።

ዘጠኝ ቋሚ ለየሁ። ከዘጠኙ ስድስቱ ለጠረጴዛው ፊት፣ አንዱ እግሮቹን ለሚያያይዙት ጣውላዎች፣ ሁለቱ ለእግር። ፒካፕ ተከራይቼ ወደ እንጨት መሰንጠቂያ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ገና ከመኪናው ሳላወርድ አየና «እህቴ፣ ይሄ ሚስማር አለበት፣ መጋዜን አላስነካውም» አለኝ። ልክ ነው። አንድ የተደበቀ ሚስማር የመጋዙን ጥርስ ይጨርሰዋል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ተመልሼ መጣሁ።

ሚስማር መንቀል ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ማገር የተመታበት፣ መደርደሪያ የተመታበት፣ ወንፊት የተሰቀለበት፣ ማንኪያ የተሰቀለበት፣ ሁሉም አለ። 143 ነቀልኩ። የዛገ ሚስማር ቀጥታ ብትስቡት አናቱ ይቆረጥና ገላው ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ አናቱን በመዶሻ አንድ ሁለቴ ወደ ውስጥ መምታት ነው፣ ዝገቱ እንጨቱን ይለቃል፣ ከዚያ በፒንሳ ያዙትና ከፒንሳው ሥር ቀጭን እንጨት አድርጋችሁ እያወዛወዛችሁ ሳቡ፤ ቀጭኑን እንጨት ካላደረጋችሁ ፒንሳው ጥዱን ያጎደጉደዋል። አናቱ የተቆረጠውን በቀጭን መብሻ ዙሪያውን በድሪል በስቼ አወጣሁት። ሲያልቅ ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ በወጣ ማግኔት እያንዳንዱን ቋሚ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት። አምስት ያላየኋቸው ተገኙ። ማግኔቱ ባይኖር ያ መጋዝ አልቆለት ነበር።

ሌላው ጭቃው ነው። በየስንጥቁ የገባ አፈርና አሸዋ የመጋዝና የመላጊያ ጠላት ነው። በሽቦ ብሩሽ በደረቁ ማራገፍ ነው እንጂ በውሃ አትጠቡት፣ ስልሳ ዓመት የደረቀ እንጨት ማርጠብ ምን ያደርጋል? አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ ግን። ጥላሸትም የጥድ ብናኝም ደረት ይይዛል። እኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳልሸፍን ሠርቼ ሦስት ቀን ሳል ያዘኝ።

ሁለተኛ ስሄድ ማግኔቱን ይዤ ሄጄ እዚያው ፊቱ ዳሰስኩለት። ሰውየው ማግኔቱን ተቀብሎ ራሱም ዳሰሰው። ከዚያ «አምጪው» አለኝ።

የመጀመሪያው ቋሚ ሲሰነጠቅ የነበረውን ነገር መቼም አልረሳውም። ግራጫው ቅርፊት እንደ ዳቦ ቆዳ ተነሳና ያ ቀይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ከጎን ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች መጥተው በእጃቸው እየነኩ «የት ነው ያገኘሽው?» ይሉኛል። «የእናቴ ማድ ቤት ነው» ስል አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ ባለፈው ዓመት የሸጡት የአባታቸው ቤት እንጨት ምን እንደነበረ እንኳ እንዳላዩት ነገሩኝ። መሬት ውስጥ የነበረው የቋሚው ሥር ሳይቀር፣ ውጪው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስብሶ እንደ ቡና አተላ ይረግፋል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ልቡ ግን ጥፍር አይገባበትም።

ስለ አሰነጣጠቁ አንድ ነገር። የቋሚው ውፍረት አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ ውስጥ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጥሩ ጣውላ ሁለት ብታገኙ ነው። ትክክለኛው የእንጨቱ መሀል፣ ያቺ ነጥብ፣ ጣውላው ውስጥ እንዳትቀር አድርጉ፣ ስንጥቅ የሚነሳው ከእሷ ነው። እኔ መሀሉን በቀጭኑ አስወጥቼ ከግራና ከቀኝ አንዳንድ ጣውላ አስወጣሁ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት። ከነዚያ ውስጥ ስድስቱን መረጥኩ፣ ስድስት ጊዜ አሥራ ሁለት፣ ሰባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወርድ።

ቤት አምጥቼ ወዲያው አልጀመርኩም። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ዝናብ አግኝቷቸው ስለነበር ክፍል ውስጥ በየመሀላቸው ሊስቴሎ፣ ቀጭን እንጨት፣ እያስገባሁ ደረደርኳቸው፣ ከላይ ድንጋይ ጫንኩባቸው፣ አምስት ሳምንት ቆዩ። እማዬ ክፍሉ ውስጥ እየገባች ታሸታለች። «ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል» ትላለች።

ልኩን ያወጣሁት ከእማዬ ወንበሮች ነው። የወንበሩ መቀመጫ ከመሬት አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ሰባ አምስት። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ። አንድ ሰው ክንዱን ሳያጋጭ ለመብላት ስልሳ ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በየጫፉ አንዳንድ፣ ስድስት ሰው። ከሥር ለጉልበት ቢያንስ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ክፍት መቅረት አለበት፤ ሰው ቤቱ የሚሠራው ብዙ ጠረጴዛ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ እግሮቹን የሚያያይዘው ጣውላ በጣም ሰፊ ይሆንና ሰው ጉልበቱን እየመታ ይቀመጣል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፣ እግሮቹ። እነሱን አላሰነጠቅኳቸውም። ድቡልቡል እንደሆኑ፣ እንደቆሙ ቀሩ። ጥላሸቱ በብሩሽ ሲለቅ ከሥሩ የመጥረቢያ ምት ወጣ። በትክክል ይታያል፣ አራት ጣት ስፋት ያለው፣ አንዱ ከሌላው በላይ እየተደራረበ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት። ያ ቋሚ በእጅ ነው የተጠረበው። የጠረበው ሰው እጅ እዚያ አለ። መላጊያ ይዤ ቆሜ ብዙ አሰብኩና መላጊያውን አስቀመጥኩት። ሰው «ሻካራ ጠረጴዛ» ሲል የሚያስበው አዲስ እንጨት ገዝቶ በሰንሰለት መደብደብና አሮጌ ማስመሰል ነው፣ እኔ ያንን አልወደውም። ምልክቱ እውነት ከሆነ ይቀመጥ፣ እውነት ካልሆነ ለስላሳ ይሁን።

ድቡልቡል እግር ላይ ጣውላ መግጠም ግን ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ አናጢ ባይኖሩልኝ አልጨርሰውም ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን ያያል። የመጀመሪያ ቀን ሚስማርና መዶሻ ይዤ ሲያዩኝ «ልጄ፣ ጥድ በሚስማር አይሆንም፣ ይሰነጠቅብሻል። ወንዴና ሴቴ ነው» አሉኝ። የራሳቸውን መሮ ከጨርቅ ውስጥ አወጡ፣ እጀታው ከመዳፋቸው የተነሳ እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ። ለእኔ ሰጡኝና በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማየት ጀመሩ።

አሠራሩ ይሄ ነው። መጀመሪያ እግሩ ላይ ጣውላው የሚያርፍበትን ቦታ በመሮ ጠፍጣፋ ታደርጉታላችሁ፣ ስኳድራ፣ የማዕዘን መለኪያውን፣ እየያዛችሁ። ከዚያ ሴቴውን፣ እግሩ ላይ የሚሆነውን ቀዳዳ፣ ትቆፍራላችሁ። ወንዴው፣ ከጣውላው ጫፍ ወጥቶ እዚያ የሚገባው ምላስ፣ የጣውላውን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ነው፣ ከዚያ ከሳሳ ይሰበራል፣ ከወፈረ እግሩን ያደክማል። ርዝመቱን አምስት ሴንቲ ሜትር አደረግኩት። ልክ ሲሆን በእጅ ተገፍቶ ይገባል ግን ገልብጣችሁት አይወድቅም። ስምንት መጋጠሚያ ነው ያለው። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ስምንተኛው አንድ ሰዓት አልሞላም።

ጋሼ ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር የችንካሩ፣ የእንጨት ሚስማሩ፣ ነው። ሴቴው ላይ ከጎን የሚያልፍ ቀዳዳ ትበሳላችሁ። ወንዴውን ታስገቡና የቀዳዳው ቦታ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ታወጡታላችሁ። ከዚያ ወንዴውን የምትበሱት ምልክቱ ላይ ሳይሆን አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ ትከሻው፣ ወንዴው ከጣውላው ወደሚነሳበት፣ ጠጋ አድርጋችሁ ነው። መልሳችሁ ስትገጥሙ ሁለቱ ቀዳዳዎች ትንሽ ይዛነፋሉ። ጫፉ የሾለ የወይራ ችንካር በመዶሻ ስትመቱበት ችንካሩ እየገባ ወንዴውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ክፍተቱ ጭጭ ብሎ ተዘጋ። ኮላ እንኳ አልነካውም። ጋሼ «በይ አሁን ነቅንቂው» አሉኝ። በሁለት እጄ ነቀነቅኩት። ወለሉ ላይ ተንሸራተተ እንጂ መጋጠሚያው ንቅንቅ አላለም። ወይራ የተባለው ከጥዱ በጣም ስለሚጠነክር ነው፣ ችንካር ከሚይዘው እንጨት መላላት የለበትም።

የፊቱን ስድስት ጣውላ ለማጣበቅ ትልልቅ ሞርሳ፣ ጠርቆ መያዣ፣ ያስፈልጋል፣ እኔ የለኝም። ሁለት ሞራሌ፣ አራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት፣ ወለሉ ላይ አጋደምኩ፣ ጫፋቸው ላይ ማቆሚያ እንጨት መታሁ፣ ጣውላዎቹን በመሀል ደርድሬ በቀረው ክፍተት ከግራና ከቀኝ ሽብልቅ አስገብቼ በመዶሻ አጠበቅኩ። እንዳይነሳ ደግሞ ከላይ ሌላ ሞራሌ አድርጌ ከታችኛው ጋር በከመነዳሪ፣ በጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ቁራጭ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ከመነዳሪ ተወጥሮ ሲታሰር የሚይዘውን ያህል ብዙ ነገር አይዝም፣ ጎሚስታ ቤት ለምናችሁ የምታገኙት ነገር ነው። ጥድ ቅባት ስላለው ኮላ የሚቀባው ጠርዝ በዚያው ቀን መላግ አለበት። ሳምንት ከቆየ ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣና ኮላው በደንብ አይዝም። በነጭ ኮላ አጣብቄ አንድ ቀን ሙሉ ተውኩት።

ፊቱን ከእግሩ ጋር ስታያይዙ እባካችሁ አትጠርቁት። የመጀመሪያው ጠረጴዛዬ የሞተው እዚህ ነው። የደረቀ እንጨትም ቢሆን ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ይሰፋል፣ በጋ ይጠባል፣ ይሄ መቼም አይቆምም። ከሥር በሁለት አግዳሚ እንጨት ነው የያዝኩት። መሀል ላይ ያለው የብሎን ቀዳዳ ክብ ነው፣ ከዳር ያሉት ግን በወርዱ አቅጣጫ የተለጠጡ ናቸው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል። ብሎኑ ከነሮንዴላው እዚያ ውስጥ ይንሸራተታል። ፊቱ ይተነፍሳል። ጥር ላይ ስለካው ሰባ አንድ ሴንቲ ሜትር ከስምንት ሚሊ ነበር፣ ነሐሴ ላይ ሰባ ሁለት ከሁለት። አራት ሚሊ ሜትር። ለዓይን አይታይም፣ ጣውላ ለመሰንጠቅ ግን ይበቃል።

ለማለስለስ መላጊያ፣ ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሻካራው መጀመሪያ፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ክንድ ነው የሚፈልገው።

ቀለሙ ላይ ግን ላቁም። ሁሉም ሰው ቫርኒሽ ቀቢው አለኝ። ቫርኒሽ አልፈለግኩም፣ እንደ ላስቲክ ይሸፍነዋል፣ ሲላጥም ያስጠላል፤ ጥድ በቅባቱ ምክንያት ቫርኒሽ ቶሎ አያደርቅም። የተልባ ዘይት ነው የቀባሁት። ተልባ የሚደርቅ ዘይት ነው፣ እንጨት ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል። የወጥ ዘይት ግን አትቀቡ፣ ሳይደርቅ ይቀርና ይሸታል። በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ የተረፈውን በደንብ መጥረግ፣ ጥሬ ዘይት ከሆነ ሳምንትና ከዚያ በላይ መጠበቅ፣ እንደገና መቀባት። አራት ጊዜ ቀባሁት። ሁለት ወር ሄደ። የመጀመሪያው ጨርቅ ያረፈበት ቦታ ያ ፈዛዛ ሮዝ ወደ በሰለ ቀይ ሲቀየር እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አንድ አደጋ ልንገራችሁ፣ ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ ከጣላችሁት በራሱ ይነዳል። ማንም ክብሪት ሳይጭርበት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ ጨርቁ የተጨበጠ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ እየጋለ እየጋለ ይሄድና እሳት ይነሳል። ደጅ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ንከሩት። የመጀመሪያውን ጨርቅ ጠቅልዬ የመጋዝ ብናኝ ካለበት ካርቶን አጠገብ አስቀምጬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሳነሳው ትኩስ ነበር፣ እጄን አቃጠለኝ። ደንግጬ ውሃ ውስጥ ጣልኩት። ቤት ውስጥ ልጆች ነበሩ።

መጨረሻ ላይ ሰም ነው። የማር ሰም ከተልባ ዘይት ጋር አንድ ለሦስት፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ቀስ ብሎ ማቅለጥ፣ ቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይሆናል። በጨርቅ ቀብቶ በሱፍ መወልወል። ጥልቅ የሆኑትን የሚስማር ቀዳዳዎች በዚሁ ሰምና በጥዱ ብናኝ ደፈንኳቸው። ትንንሾቹን ተውኳቸው። ዙሪያቸው ከዝገቱ ጠቁሯል፣ ቀይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። እማዬ አንዷን ነጠብጣብ በጣቷ ነክታ «ይቺ የወንፊቷ ናት» አለች። የአያቴ ወንፊት ትሰቀልበት የነበረች ሚስማር ቦታ። እንዴት ለየሻት ስላት ከበሩ በስተቀኝ ያለው ቋሚ ላይ፣ ከእሷ ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ እንደነበር፣ ልጅ ሆና ለማውረድ በርጩማ ላይ ትወጣ እንደነበር ነገረችኝ። ቦታዋን አሁንም በጣቷ ታገኛታለች።

ጠረጴዛው ከባድ ነው፣ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። አሁን አዲሱ ኩሽና ውስጥ ነው ያለው፣ ድሮ ምድጃው በነበረበት ቦታ። እማዬ ትኩስ ድስት ታስቀምጥበታለች፣ ሽንኩርት ትከትፍበታለች፣ አንድ ቀን ቀይ ወጥ ፈሶበት ቀለሙ ቀርቷል። ምንም አላልኳትም። በየስድስት ወሩ ሰም እጨምርለታለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው።

ከቤቱ እንጨት አራት ወጋግራና ሁለት አጫጭር ቋሚ ተርፈዋል። በሸራ ሸፍኜ ከግድግዳው ሥር ከመሬት ከፍ አድርጌ ደርድሬያቸዋለሁ። ባለፈው ጎረቤት ለድግስ ማገዶ አንሷቸው ሊወስዱ ሲመጡ እማዬ ራሷ ናት የከለከለቻቸው። በፊት «ለማገዶ» ካሉት አንዷ እሷ ነበረች። ከፋሲካ በኋላ አግዳሚ ወንበር እጀምራለሁ፣ ጋሼ መሮውን እኔው ጋ እንዳቆየው ነግረውኛል።